በድንገተኛ ክፍል የሚጻፈው ሰዓት የማን ሰዓት ነው?

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

በአንባብያን ገጻችሁ ላይ ስለ ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል የሚወጡትን ቅሬታዎች በጥሞና ስከታተል ቆይቻለሁ። ጸሐፊዎቹ የአልጋን እጥረት፣ የኦክስጅንን መቆራረጥ፣ ካርድ ለማውጣት የሚቆመውን ወረፋና የአንዳንድ ባለሙያዎችን ቁጡ አንደበት እያነሡ ወቅሰዋል፤ ወቀሳቸውም ከሞላ ጎደል ተገቢ ነው። እኔ ከሰላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ያገለገልሁ፣ ከዚያም ውስጥ አብዛኛውን ዘመን በድንገተኛ ክፍል ያሳለፍሁ፣ አሁን በጎንደር ከተማ በጡረታ የምኖር ሴት ነኝ። ከእነዚህ ቅሬታዎች መካከል ማንም ያላነሣው፣ ለማረም ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ሰው ሊገድል የሚችል አንድ ጉዳይ ስላለ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሣሁ። ጉዳዩ ሰዓት ነው። አምቡላንሱ ዘገየ ወይም ሐኪሙ አረፈደ ለማለት ፈልጌ አይደለም፤ በሪፈር ወረቀትና በሕመምተኛው ቻርት ላይ ስለሚሰፍረው የሰዓት ቁጥር ነው የምናገረው።

እንደምናውቀው አገራችን በሁለት ሰዓት የምትኖር አገር ናት። ቀኑን ከንጋት፣ ሌሊቱን ከምሽት ጀምረን የምንቆጥርበት የራሳችን ሰዓት አለን፤ ሕክምናን የተማርንበት መጽሐፍ፣ የላቦራቶሪው ማሽንና የልብ ምት የሚያሳየው ሞኒተር ደግሞ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት የሚጀምረውን የውጭውን ሰዓት ይዘው ገብተዋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 6 ሰዓት ነው። በገበያ ወይም በቀጠሮ ይህ ልዩነት ብዙም አያጣላም፣ ሰው ፊት ለፊት ሲነጋገር ከሁኔታው ይግባባልና። የሪፈር ወረቀት ግን የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጸሐፊው በእንግሊዝኛ እየጻፈ በአማርኛ ሰዓት አስቦ እንደሆነ፣ ወይስ ሰዓቱንም ከቋንቋው ጋር አብሮ ገልብጦት እንደሆነ፣ ብቻውን የተቀመጠው ቁጥር አይናገርም። በዚያ ላይ ቀን ይሁን ሌሊት ካልተጻፈበት፣ አንዲቷ ቁጥር አራት የተለያዩ ሰዓታትን ልትወክል ትችላለች።

የማልረሳው አንድ ሌሊት አለ። ያኔ የምሠራው ከጎንደር ውጭ በሚገኝ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል ነበር። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲሆን የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ወጣት ከአንድ ጤና ጣቢያ በአምቡላንስ ደረሰች። የደም ግፊቷ ከፍ ብሎ ቤቷ ሳለች አንፈራግጧት ነበር። የጤና ጣቢያው ባልደረቦች ማድረግ የሚገባቸውን አድርገው፣ መንፈራገጥን የሚከላከለውን የማግኒዥየም ሰልፌትን የመነሻ መጠን፣ ማለትም 4 ግራም በደም ሥር፣ 10 ግራም ደግሞ በሁለቱ መቀመጫዎቿ ተከፍሎ፣ ሰጥተው ልከዋታል። ከዚያ በኋላ የሚቀጥለው 5 ግራም በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው። ወረቀቱ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ሰዓት 3:00 ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

እኔ እንደ ልማዴ ከምሽቱ 3 ሰዓት ብዬ አነበብሁት። ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 11 ድረስ 8 ሰዓት ነው፤ እንግዲህ የሁለተኛው መጠን ሰዓት ካለፈ ቆይቷል፣ እንደገና ሊያንፈራግጣት ይችላል ብዬ ደነገጥሁ። ተረኛው ሐኪም በቀዶ ሕክምና ክፍል ነበርና በስልክ ነገርሁት፤ እርሱም የነገርሁትን አምኖ ስጫት አለኝ፤ ሰጠኋት። አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ትንፋሿ በደቂቃ ወደ 8 ወረደ፤ ጉልበቷን በመዶሻ ብመታው እግሯ አልተንቀሳቀሰም፤ ሁለቱም መድኃኒቱ ከልክ ማለፉን የሚያሳዩ ምልክቶች ናቸው። በሩ ሥር ነጠላቸውን ተከናንበው የተቀመጡትን አማቷን ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ጤና ጣቢያ መርፌውን ሲወጓት ስንት ሰዓት ነበር?»

«ሰዓትስ የለኝም፣ ልጄ። የመጀመሪያው ዶሮ ግን ጮኾ ነበር።»

በእኛ አገር የመጀመሪያው ዶሮ የሚጮኸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ነው። ወረቀቱን የጻፈው ባልደረባ በውጭው አቆጣጠር ጽፎ ኖሯል፤ 3:00 ያለው ከሌሊቱ 9 ሰዓትን ነበር። ስለዚህ ያቺ ልጅ ሁለተኛውን መርፌ ስወጋት የመነሻውን መጠን ከወሰደች ገና 2 ሰዓቷ ነበር። የማግኒዥየም ማርከሻ የሆነውን ካልሲየም ግሉኮኔት 1 ግራም በደም ሥሯ ቀስ እያልን ሰጥተን፣ ትንፋሿን በአምቡ ባግ፣ ማለትም በእጅ በሚጨመቅ የአየር ከረጢት፣ እየረዳን አቆየናት፤ እርሷም ልጇም ተረፉ። ሆኖም ሰዓት የሌላቸው እናት የነገሩኝ ሰዓት፣ ማኅተም ካለበት ወረቀት ይልቅ ትክክል ሆኖ መገኘቱ እስከ ዛሬ ከኅሊናዬ አልወጣም።

ይህን የምተርከው ጥፋቱን ሁሉ በቁጥሩ ላይ ጥዬ እጄን ለመታጠብ አይደለም። ከእያንዳንዱ የማግኒዥየም መርፌ በፊት ሦስት ነገሮች እንዲታዩ መመሪያው ያዛል፤ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱ፣ ጉልበቷ ሲመታ እግሯ ምላሽ መስጠቱና ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱ። እኔ ትንፋሿን ብቻ ቆጥሬ ሌሎቹን ሁለቱን ዘለልኋቸው። ማግኒዥየም ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት መሆኑን እያወቅሁ፣ በሽንት ከረጢቷ ውስጥ የነበረው እጅግ ጥቂት መሆኑን ልብ አላልሁም። ወረቀቱን ስላመንሁ ሕመምተኛዋን ሳላያት ቀረሁ ማለት ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ሌሊት ከእኔ ሌላ ማንም ነርስ ተረኛ ብትሆን በዚያው ቁጥር ላይ ልትሰናከል ትችል ነበር፤ አንድ ወጥመድ ብዙ ሰው የሚይዝ ከሆነ ደግሞ የተያዘውን ከመውቀስ ጋር ወጥመዱንም ማንሣት ያስፈልጋል።

ቁጥሩ የሚያሳስተው በማግኒዥየም ብቻ አይደለም። ለከባድ ወባ በመርፌ የሚሰጠው አርቴሱኔት መጀመሪያ፣ ከዚያ በ12ኛው ሰዓት፣ ቀጥሎም በ24ኛው ሰዓት ይሰጣል። ቀንና ሌሊቱ ሳይለይ «6 ሰዓት ላይ ተሰጥቷል» ተብሎ ከተላከ ስሕተቱ ልክ 12 ሰዓት ነው፤ ይህም አንድ መርፌ ሙሉ በሙሉ እንዲዘለል ወይም ሁለት ጊዜ እንዲሰጥ በቂ ነው። ከመተማ፣ ከቋራና ከአብደራፊ በኩል እባብ ነድፏቸው የሚመጡት የሰሊጥ እርሻ ሠራተኞች ጉዳይ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። መርዙ ደምን እንዳይረጋ የሚያደርግ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያው ጥቂት ደም በንጹሕ፣ በደረቅ የመስተዋት ቱቦ ቀድቶ ለ20 ደቂቃ ሳይነካ ያስቀምጠዋል፤ ከዚያ ዘንበል ሲያደርገው ካልረጋ የመርዙ ማርከሻ ያስፈልገዋል። ማርከሻው ከተሰጠ ከ6 ሰዓት በኋላ ምርመራው ይደገማል፤ ያኔም ካልረጋ ሌላ መጠን ይጨመራል። ልብ በሉ፣ ይህ 6 ሰዓት በሁለቱ አቆጣጠሮቻችን መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ነው። ማርከሻው በአንድ ጤና ተቋም ተጀምሮ ሕመምተኛው ወደ ሌላ ሲተላለፍ ሰዓቱ በተሳሳተ አቆጣጠር ከተነበበ፣ ወይ ማርከሻው ገና ሥራውን ሳይሠራ ምርመራው ተደግሞ የሌላውን ሰው ማርከሻ እናባክናለን፣ ወይ ደግሞ ደሙ እየፈሰሰ 6 ሰዓት ሙሉ ያለ ምርመራ እናስቀምጠዋለን።

ስለ እባብ ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። የተነደፈን እግር በገመድ ወይም በሻሽ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ደም እንዳይደርሰው ከልክሎ እግሩን ሊያሳጣ ይችላል፤ መብጣትና መምጠጥም ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። የሚጠቅመው የተነደፈውን አካል እንዳይንቀሳቀስ ደግፎ፣ ሰውየው ሳይራመድ በፍጥነት ማድረስ ነው። አስቀድሞ ታስሮ ከመጣ ግን መቼ እንደታሰረ መናገር ያስፈልጋል፤ እስሩ በድንገት ሲፈታ የተጠራቀመው መርዝ ወደ ሰውነት ሊለቀቅ ስለሚችል፣ የሚፈታው ባለሙያ ማርከሻውንና የመተንፈሻ መርጃውን አዘጋጅቶ መጠበቅ አለበትና።

በክረምት ደግሞ በጎንደርና በዙሪያዋ ከሰል አቀጣጥለው በር ዘግተው የተኙ ቤተሰቦች ራሳቸውን ስተው ይመጣሉ። ይህ ሕመም ሐኪሙን ያታልላል። በጣት ላይ የምትሰካው የኦክስጅን መለኪያ ከከሰል ጭስ ጋር የተጣበቀውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ደም መለየት ስለማትችል 98 ወይም 99 እያሳየች ሰውየው ሊሞት ይችላል። በደም ውስጥ ያለው የጭሱ መርዝ ንጹሕ አየር ለሚተነፍስ ሰው በ4 ወይም በ5 ሰዓት ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ በከፍተኛ መጠን ኦክስጅን ሲሰጠው ግን ይህ ጊዜ ወደ አንድ ሰዓት ገደማ ያጥራል። ስለዚህ ሰውየው ከክፍሉ የወጣበት ሰዓት ካልታወቀ፣ የደም ምርመራው የሚያሳየው አነስተኛ የመርዝ ቁጥር ምን ያህል እንደተጎዳ አይናገርም። የሚናገሩት በሩን የሰበሩት ጎረቤቶች ናቸው፤ እነርሱ ግን ብዙውን ጊዜ ሕመምተኛውን አስረክበው፣ ማንም ሳይጠይቃቸው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ሰው ሁሉ ሰዓት ያውቃል፤ የሚያውቀው ግን በእኛ የሰዓት ቋንቋ ላይሆን ይችላል። በተማሪነቴ ለቡድን ሥልጠና ከጤና መኮንንና ከሳኒታሪያን (የአካባቢ ጤና ባለሙያ) ተማሪዎች ጋር ደምቢያ ቆላ ድባ ተመድቤ ነበር። የጎንደር የጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው በዚያው በደምቢያ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰው የወባ ወረርሽኝ በኋላ ስለሆነ፣ ቆላ ድባ ለእኛ ለተማሪዎቹ እንደ ሁለተኛ ትምህርት ቤት ነበረች። በዚያ የነበሩ አንድ አረጋዊ ድሬሰር (የጤና ረዳት) «ልጁን መቼ አተኮሰው?» ብለው ጠይቀው እናቲቱ «ማታ» ስትላቸው እዚያ ላይ አያቆሙም ነበር። «ከብት ሳይገባ ነው፣ ከገባ በኋላ? ራት ቀርቦ ነበር? ልጁ በልቷል?» እያሉ ይቀጥሉና፣ መጨረሻ ላይ በካርዱ ላይ «ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ» ብለው በአማርኛ ይጽፋሉ። እኛ ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛ ስላልጻፉ በልባችን እንስቅባቸው ነበር። ዛሬ ሳስበው ከእኛ ሁሉ የተሻለ ቻርት የሚጽፉት እርሳቸው ነበሩ።

የጎንደር ሰው ሌሊቱን በማኅሌትና በኪዳን፣ ቀኑን በቅዳሴ መግቢያና መውጫ ይቆጥራል፤ 44 ታቦት ባለባት ከተማ ደወል ያልሰማ የለም። ግማሽ አካላቸው የሰነፈባቸው አባት ሲመጡ ልጃቸው «ከቅዳሴ ሲመለሱ ደህና ነበሩ» ካለች፣ ያቺ ቃል ለሐኪሙ ወርቅ ናት፤ በእንዲህ ዓይነት ሕመም የሚጠየቀው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩበት ሰዓት ነውና። ደግሞም «ለዓርብ አጥቢያ» የሚል ሰው ከሐሙስ ወደ ዓርብ የሚያነጋውን ሌሊት መናገሩ ነው፤ «ሐሙስ ሌሊት» የሚለው ግን አንዱ ሰው ረቡዕ ማታ የጀመረውን፣ ሌላው ሐሙስ ማታ የጀመረውን ሌሊት ሊልበት ይችላል። በነዚህ ሁለት አነጋገሮች መካከል አንድ ሙሉ ቀን ሲጠፋ አይቻለሁ።

ሰዓት የሚጠፋበት ሌላው ቦታ የተረኞች ርክክብ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ የሌሊት ተረኛዋ ዓይኗ እየተጨፈነ፣ የቀን ተረኛዋ ገና ጋውኗን እየለበሰች፣ አስታማሚው ቁርስ ይዞ እየገባ፣ ጽዳት ሠራተኛዋ ወለሉን እየወለወለች «ቁጥር 6 ደህና ነች፣ ቁጥር 7 ደህና ነው» ይባባሉና ይለያያሉ። «ደህና» የምትለዋ ቃል በድንገተኛ ክፍል ውስጥ ባትኖር ደስ ይለኛል። ቁጥር 6 ደህና የሆነችው ከምን አንጻር ነው? መቼ ታየች? የሚቀጥለው መድኃኒቷ ስንት ሰዓት ነው? ምን ቢታይባት ሐኪም ይጠራላት? በአሜሪካና በካናዳ በሚገኙ 9 የሕፃናት ሆስፒታሎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ ሐኪሞች በተወሰነ ቅደም ተከተል፣ ተቀባዩም የሰማውን መልሶ እየተናገረ እንዲረካከቡ ቢደረግ የሕክምና ስሕተት በ23 በመቶ፣ ሊወገድ ይችል የነበረ ጉዳት ደግሞ በ30 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። አዲስ መድኃኒት ወይም አዲስ ማሽን አልገባም፤ የአነጋገር ሥርዓት ብቻ ነው የተለወጠው። እኛ ዘንድ ይህን ለማድረግ ከአልጋው አጠገብ ቆሞ፣ ቻርቱን ገልጦ፣ «የመጨረሻው መቼ ተሰጠ፣ የሚቀጥለው መቼ ነው» ብሎ መጠየቅና መልሱን ደግሞ መናገር ይበቃል። በ12 ሰዓት ተረኝነት መጨረሻ ላይ ይህ እንኳ እንደ ተራራ እንደሚከብድ አውቃለሁ፤ የደከመው ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ማሰብ የማይጠይቅ ሥርዓት ነው።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲጎዳ ነገሩ የባሰ ይሆናል። ጥር 11 ቀን 2012 ዓ.ም. በከተማችን በጥምቀት በዓል ላይ በፋሲል መዋኛ ለተመልካች የተሠራው የእንጨት መቀመጫ ሲደረመስ ቢያንስ 10 ሰዎች መሞታቸውንና ብዙዎች መቁሰላቸውን የማያስታውስ የለም። እንዲህ ባለ ቀን ስሙን መናገር የማይችል፣ ዘመዱ የጠፋበት፣ ካርድ ያልወጣለት ቁስለኛ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እጅ ይተላለፋል። በዚያን ጊዜ ወረቀት ይጠፋል፤ ከሕመምተኛው የማይለየው ቆዳው ብቻ ነው። ስለዚህ የሕመም ማስታገሻ የተሰጠው፣ ወይም የሚደማ እግሩ የታሰረለት ሰው፣ በክንዱ ወይም በደረቱ ላይ ፕላስተር ተለጥፎ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑና ሰዓቱ በእስክርቢቶ ሊጻፍበት ይገባል። «ቀን» ወይም «ሌሊት» የሚለው ቃል በዚያች ፕላስተር ላይ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ ነው የሚወስደው።

ይህን ሐሳብ ለቀድሞ ባልደረቦቼ ሳነሣ፣ በተለይ ወጣቶቹ፣ ሁሉም ሰው በ24 ሰዓት የውጭ አቆጣጠር ይጻፍ፣ ነገሩ በዚያው ይቋጫል ይላሉ። ከማሽኖቹ ጋር እንደሚያስማማ አምናለሁ፤ ግን የችግሩን ግማሽ ብቻ ነው የሚፈታው። 15:00 ተብሎ የተጻፈን ማንም ከእኛ ሰዓት ጋር አያምታታውም፣ በእኛ አቆጣጠር 15 ሰዓት የሚባል የለምና። 03:00 ግን እስከ ዛሬም ወጥመድ ነው፤ እኔን የጣለኝም እርሱ ነው። ደግሞስ በጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ የአምቡላንሱ ሾፌርና አስታማሚው የሚያስቡት በአማርኛ ሰዓት ነው፤ ሲጨነቁ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደለመደው ይመለሳል። እኔ ከቁጥሩ ይልቅ ቃሉን አምናለሁ። «ከሌሊቱ 9 ሰዓት» ብሎ በአማርኛ የጻፈ ሰው፣ አንባቢው ማንም ይሁን ማን፣ የሚሳሳትበት ቀዳዳ አልተወለትም። በእንግሊዝኛ የተጻፈው ሪፈር ውስጥ ይህቺ አንዲት መስመር በአማርኛ ብትገባ ማንም አይሞትም፤ የሚያፍር ካለም እፍረቱን ይቻለው።

የዘመን አቆጣጠሩም ያው ነው። የላቦራቶሪው ማሽን በውጭው ቀን ያትማል፣ እኛ በኢትዮጵያው እንጽፋለን፤ «5/12» የሚል ቀን በእኛ ቤት ነሐሴ 5፣ በሌላው ዲሴምበር 5 ነው። የመድኃኒት ማብቂያ ዘመን የሚታተመው በውጭው አቆጣጠር መሆኑን የዘነጋ ሰው፣ ባለፈው ዓመት ያለፈበትን ብልቃጥ ይዞ «ገና ብዙ ዓመት ይቀረዋል» ሊል ይችላል። አንድ ጊዜ በአንድ የመድኃኒት መደርደሪያ ላይ ይህን የመሰለ ብልቃጥ አግኝቼ ሳሳየው፣ ባለሙያው ራሱን እየነቀነቀ ስቆ ነበር፤ እኔ ግን ሳቄ አልመጣልኝም።

በጥቁር አንበሳ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የተጀመረው በ2003 ዓ.ም. ነው፤ ሙያው በአገራችን ገና ወጣት ነው ማለት ነው። ዛሬ ሕመምተኛን እንደደረሰ በቀለም የሚለይ ሥርዓት ገብቷል፤ ቀዩ ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማው በ10 ደቂቃ፣ ቢጫው በአንድ ሰዓት፣ አረንጓዴው በ4 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። እኔ ሥራ ስጀምር ይህ አልነበረም፤ ቀድሞ የሚታየው ድምፁን ከፍ አድርጎ የጮኸው ነበር። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ሆኖም ብርቱካናማው 10 ደቂቃ የሚቆጠረው ከየት ጀምሮ ነው? ከግቢው በር፣ ከካርድ ክፍል፣ ወይስ ነርሷ ካየችው ጀምሮ? የደረሰበትን ሰዓት በሩ ላይ የሚጽፍ ሰው ከሌለ ቀለሙ ጌጥ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች የሪፈር ቅጻቸውን ዳግም ሲያሳትሙ ከሰዓቱ ሣጥን አጠገብ «ጠዋት፣ ቀን፣ ምሽት፣ ሌሊት» የሚሉት ቃላት ታትመው አንዱ እንዲከበብ ያድርጉ፤ «በኢትዮጵያ ሰዓት» የሚልም ይጨመርበት። የሚልከው ባለሙያ መድኃኒቱ የተሰጠበትን ብቻ ሳይሆን ቀጣዩ የሚሰጥበትንም ሰዓት ይጻፍ፤ ሁለት ሰዓት ከተጻፈ አንዱ ሌላውን ያርመዋል፣ 3 እና 7 ተብሎ የተጻፈን ወረቀት ይዛ ብትመጣ ኖሮ እኔም ቆም ብዬ አስብ ነበርና። ስልክ ቁጥሩንም ያስፍር፤ የሚቀበለው ደግሞ ጥርጣሬ ሲገባው ሌሊት ነው ብሎ ሳይተው ይደውል። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያለው የግድግዳ ሰዓት ባትሪው ሲያልቅ በዚያው ቀን ይቀየር፤ ይህን መጻፍ እንኳ ያሳፍራል፣ ግን ወር ሙሉ ቆሞ የከረመ ሰዓት ሥር ሆኜ ሕመምተኛ ተቀብያለሁ።

አስታማሚዎችንም አንድ ነገር እለምናለሁ። ሰዓት ስለሌላችሁ አታውቁም ማለት አይደለም። ዶሮ ጮኾ እንደሆነ፣ ከብት ገብቶ እንደሆነ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ወይም የመስጊዱ አዛን ተሰምቶ እንደሆነ፣ ሳትፈሩ ተናገሩ። የተሰጠውን መድኃኒት ባዶ ብልቃጥ ወይም ካርቶን ሳትጥሉ ይዛችሁ ኑ። ነርሷ ተቻኩላ ብትገላምጣችሁም ደግማችሁ ንገሯት፤ እኔም በዘመኔ የገላመጥኋቸው አሉ፣ ያቺን ሌሊት ግን አማቲቱን ቀድሜ ጠይቄያቸው ቢሆን ኖሮ መርፌውን ባልወጋሁ ነበር።

አዲስ ቅጽ እስኪታተም ብዙ ኮሚቴ እንደሚቀመጥ ስለማውቅ፣ ይሆናል ያልሁትን በአንድ ገጽ ላይ በእጄ አስምሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ልኬላችኋለሁ። ከታች በስተቀኝ ያለው ሰፋ ያለ ሣጥን፣ አስታማሚው ስለ ሰዓቱ የተናገረው በራሱ ቃል የሚጻፍበት ነው። የገጽ ጥበት ካለባችሁ ደብዳቤውን እንዳሻችሁ አሳጥሩት፤ ቅጹን ግን ሙሉውን አውጡልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
በጡረታ ላይ ያለች ነርስ
ጎንደር
(ስሜና አድራሻዬ ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ተገልጿል)